«ነዘረኝ» እና «ያዘው»፡ በመካከላቸው ያለው እርጥብ ወለል ብቻ ነው!

ለዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ፋሽንም አላወራችሁም። የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ነዘረኝ» ስለምትባለዋ። ይህቺን ቃል በሥራ ቦታችሁ ስንት ጊዜ ሰማችኋት? «ኧረ ይቺ ማንቆርቆሪያ ትነዝራለች!»፣ «ፎቶ ኮፒውን ከጎኑ አትንካው፣ ይነዝርሃል!»፣ «ካውያውን በጨርቅ ያዢው!»… እንባባላለን፣ እንስቃለን፣ ከዚያ ሥራችንን እንቀጥላለን። ይባስ ብሎ አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ሳይነገረው እስኪነዘር ተጠብቆ የሚሳቅበት ቢሮም አለ። ጉድ እኮ ነው!

አማርኛችን ግን ብልህ ቋንቋ ነው፤ ለዚህ አደጋ ሁለት ቃል ሰጥቶናል። አንደኛው «ነዘረኝ» ነው። ይህንን የሚናገረው ራሱ የተነዘረው ሰው ነው። ሁለተኛው «ያዘው» ነው። ይህንን የሚናገሩት ግን ሌሎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ለቅሶ ቤት ተቀምጠው። እንግዲህ የዛሬው ወጌ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ስላለችው አጭር ርቀት ነው።

ብርድ ያመጣው ጓደኛ

ለሥራ ጉዳይ መሐል ሜዳ ሦስት ሳምንት ከርሜ ነበር። ለማታውቋት የከተማ ልጆች ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን ካለፋችሁ በኋላ ጣርማ በር ላይ የደሴውን ዋና መንገድ ትታችሁ በመዘዞና በሞላሌ በኩል የምትደርሱባት የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ያ ከበግ ጸጉር የሚሠራው የመንዝ ባና ለጌጥ የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ!

ታዲያ ባናው ቤት ሲቀር ሥራ ቦታ ላይ የሚተካው ሂተር ነው። ከጠረጴዛ ሥር ሂተር፣ ከመስኮቱ ሥር የውሃ ማፍያ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁሉንም የሚቀልብ አንድ ደካማ ዲቫይደር። ነገሩ የመሐል ሜዳ ብቻ አይደለም። ክረምት ሲመጣ የፒያሳና የቦሌ ቢሮዎችም እንደዚሁ ናቸው። እዚያ ብርዱ ስለሚበረታ ነገሩ ጎልቶ ታየኝ እንጂ።

በቆይታዬ አንድ ጎልማሳ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዋወቅሁ። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ለጥገና ሲጠሩ አብሬያቸው እየዞርኩ አየሁ። እንጨት ቤት ገባን፤ የመብሻው ገመድ ሦስት ቦታ ላይ በናስትሮ ተጠምጥሟል። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባን፤ ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቷል። ሴቶች ጸጉር ቤት ገባን። እዚያ የምትሠራው ወጣት ካስኩን የምታስተካክለው በፎጣ ይዛ ነው።

«ለምን በፎጣ?» አሏት ጋሼ።

«በባዶ እጅ ትንሽ ይነዝራል» አለች እየሳቀች።

ከእግሯ ሥር ያለው የሲሚንቶ ወለል ከጸጉር መታጠቢያው በሚንጠባጠብ ውሃ ርሷል። ካስኩ ሥር ደግሞ ደንበኛ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ እርጥብ፣ አንገቷ እርጥብ። ጋሼ አልሳቁም። ስፒናውን ነቀሉት።

ያዳነህ ጫማህ ነው!

«ትንሽ ይነዝራል» ማለት ምን ማለት ነው? ኤሌክትሪክ ከሽቦው አምልጦ የዕቃው ብረት ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ዕቃው ተበላሽቷል፤ አለቀ። ያልሞታችሁት ዕቃው ስለማይገድል ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ደረቅ ጫማ አድርጋችሁ፣ በደረቅ ወለል ላይ ቆማችሁ፣ በደረቅ እጅ ስለነካችሁት ነው። ምስጋናው ለጫማችሁ ነው!

እስቲ በቁጥር እንየው። የአገራችን የቤትና የቢሮ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ሰውነታችን ውስጥ 1 ሚሊ አምፒር ገደማ ሲያልፍ ይሰማናል፤ «ነዘረኝ» የምንለው ያን ጊዜ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኞች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ሰው የጨበጠውን መልቀቅ የሚያቅተው በአማካይ ወንዶች 16፣ ሴቶች ደግሞ 10.5 ሚሊ አምፒር ላይ ሲደርሱ እንደሆነ ለክቷል። ከዚያ በላይ ሆኖ ወደ 50 እና 100 ሚሊ አምፒር ሲጠጋ የልብ ምት ተዛብቶ ልብ ደም መርጨቱን ሊያቆም ይችላል። ይህ ምን ያህል ነው መሰላችሁ? የድሮው ባለ 25 ዋት አምፖል እንኳ ከ110 ሚሊ አምፒር በላይ ይስባል። አንዲት ደብዛዛ አምፖል የምታበራው ኤሌክትሪክ ሰው ለመግደል ይበቃል ማለት ነው።

እጅና እግር ሲረጥብ ደግሞ የሰውነታችን የመከላከል አቅም ወደ 1 ሺህ ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልትን ለ1 ሺህ አካፍሉት፤ 220 ሚሊ አምፒር! ዕቃው ያው የትናንቱ ነው፤ ቦታውም ያው ነው። የተለወጠው ወለሉ ብቻ ነው። ትናንት «ነዘረኝ» ያለችው ልጅ ዛሬ «ያዛት» ልትባል ትችላለች።

እግረ መንገዴን ስለ «ያዘው» አንድ ነገር ልጨምር። እንደ እውነቱ ከሆነ ሰውየውን ኤሌክትሪኩ አይደለም የሚይዘው። ኤሌክትሪኩ የእጁን ጡንቻ ያጨማድደዋል፤ ጣቶቹ ይቆለፋሉ፤ የሚገድለውን ዕቃ አጥብቆ የሚይዘው የራሱ እጅ ነው። «እኔ እኮ ብነዘር ፈጥኜ እለቃለሁ» የሚል ጀግና ካለ ይህንን ያስብበት።

«ብሬከር አለን እኮ!»

ይህንን መልስ በየቤቱ ሰማሁት። ብሬከር መኖሩ ጥሩ ነው፤ ግን የሚጠብቀው ማንን ነው? ባለ 16 አምፒር ብሬከር ማለት 16 ሺህ ሚሊ አምፒር እስኪያልፍ ዝም የሚል ዘበኛ ነው። ሰው የሚገድለው ደግሞ ከመቶ ሚሊ አምፒር በታች ነው። ስለዚህ ብሬከሩ በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ እናንተን አይደለም።

ብሬከሩ እናንተንም እንዲጠብቅ ከተፈለገ ሦስተኛዋ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ቢጫና አረንጓዴዋ፣ ባለሙያዎች ኤርዝ የሚሏት። የእሷ ሥራ ቀላል ነው። የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር ታገናኘዋለች። ኤሌክትሪኩ አምልጦ ብረቱ ላይ ሲወጣ በእሷ በኩል በብዛት ይፈስና ብሬከሩን ያስወርደዋል። እሷ ከሌለች ግን ብረቱ ላይ የወጣው ኤሌክትሪክ ዝም ብሎ ሰው ይጠብቃል።

ታዲያ ይህቺን ሽቦ ምን እናደርጋታለን? እንገላታለን! ከዱባይ የመጣው ዕቃ ስፒናው ባለሦስት እግር ነው፤ የግድግዳችን ሶኬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው፤ የኤርዝ ብረቱ ከጎንና ከጎን ነው። እናም ከሱቅ ርካሽ ማገናኛ ገዝተን እንሰካዋለን። ከእነዚህ ማገናኛዎች ብዙዎቹ ኤርዙን አያሻግሩም። ዕቃው ይሠራል፤ ይሞቃል፤ ይሽከረከራል፤ ግን ጠባቂው በር ላይ ቀርቷል። ሦስተኛውን እግር በመጋዝ የሚቆርጡም አሉ። እሱማ አይጣል ነው!

ምርመራው ምንድን ነው?

በብዙ አገሮች በሥራ ቦታ ያለ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ማለትም ከሶኬት ተነቅሎ ተሰክቶ የሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ በየጊዜው ይመረመራል። ካለፈ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍበታል። በዚህ ሥራ ስሟ የሚነሳው እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሥራ ቦታ ኤሌክትሪክ ደንቧ አሠሪው ዕቃዎቹን አደጋ በማያመጡበት ሁኔታ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የሚገርመው ግን ሁሉም ዕቃ በየዓመቱ ይፈተሽ አይልም። ጊዜው የሚወሰነው በዕቃው ዓይነትና በቦታው ነው። ለምሳሌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለሚውል ብዙ አይጎዳም። ካውያና ማንቆርቆሪያ ግን ይጎተታሉ፣ ይሞቃሉ፣ ይረጥባሉ። ስለዚህ በዚያ አገር መመሪያ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በዓይን፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ በመሣሪያ ቢፈተሹ ይመከራል።

ለእኛ የምሥራቹ ይኸውላችሁ። የዚያው አገር የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች እንደሚሉት፣ አብዛኛው ብልሽት የሚገኘው በመሣሪያ ሳይሆን በዓይን ነው። ዓይን ደግሞ አለን! ስፒናውን ከነቀላችሁ በኋላ እነዚህን ተመልከቱ፦

1ኛ. ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ተከተሉት። የተላጠ፣ የተጨፈለቀ፣ የተቃጠለ ወይም በናስትሮ የተጠመጠመ ቦታ ካለ ዕቃው ወድቋል። ናስትሮ ቁስል መሸፈኛ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

2ኛ. ገመዱ ስፒናውና ዕቃው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ይላወሳል? የውስጥ ሽቦዎቹ በቀለማቸው ይታያሉ? ወድቋል።

3ኛ. ስፒናው ተሰነጣጥቋል? ጠቁሯል? እግሩ ተቆርጧል? ወድቋል።

4ኛ. የዕቃው ሽፋን ተሰብሯል? ቡሎን ጎድሎታል? ውሃ ገብቶበታል? ወድቋል።

5ኛ. ሲሠራ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ስፒናው በእጅ ሲነካ ይፋጃል? ወድቋል።

6ኛ. አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ «ነዘረኝ» ብሏል? ከዚህ በላይ ምርመራ የለም። ወድቋል!

ዓይን የማያየው

ዓይን የማያየውን ደግሞ ባለሙያ ያየዋል። ሥራው ሁለት ዋና ዋና ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው ያቺ ሦስተኛ ሽቦ ከስፒናው እስከ ዕቃው ብረት ድረስ ሳትቋረጥ መድረሷን መለካት ነው። የገመዱ የራሱ ሲቀነስ ልኬቱ ከ0.1 ኦም ባይበልጥ ይፈለጋል። ሁለተኛው ሜገር በሚባለው መሣሪያ 500 ቮልት ሰጥቶ የሽቦው ሽፋን ማፍሰስ አለማፍሰሱን ማየት ነው። ኤርዝ ላለው ዕቃ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ኦም፣ ሁለት ድርብ ሽፋን ላለው ደግሞ 2 ሚሊዮን ኦም መሆን አለበት። ድርብ ሽፋን ያለውን የምታውቁት ጀርባው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ በተሳሉ ሁለት አራት ማዕዘኖች ነው። እሱ ያለ ኤርዝ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ አትጨነቁበት።

በኪስ የምትያዘዋ ባለ መብራት ቴስተር ግን ለዚህ አትበቃም። እሷ አልበራችም ማለት ዕቃው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

የካስኩ ነገር ምን ሆነ? ጋሼ ሲፈቱት የውስጥ ሽቦው መታጠፊያው ላይ ተፈግፍጎ ተልጧል፤ ብረቱንም ነክቷል። ስፒናው ባለሦስት እግር ቢሆንም የተሰካበት ማገናኛ ኤርዙን አያሻግርም። የግድግዳው ሶኬት ራሱም ኤርዝ አልነበረውም። ሦስት ጥፋት በአንድ ዕቃ! ሽቦውን፣ ስፒናውንና ሶኬቱን ጠግነው ከመሬት ጋር ለማገናኘት አንድ ቀን ፈጀባቸው።

«እትዬን ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ልጅቷን ጠየቅኋት። ካስኩ መንዘር የጀመረው መቼ ነው? ወራት አልፈውታል። ለምን አልተናገረችም? «እትዬን ምን ብዬ ልንገራቸው? አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ቢሉኝስ?» አለችኝ። ያንጊዜ ገባኝ። ጉዳዩ የሽቦ ብቻ ሳይሆን የዝምታም ነው። ሥራ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን አዲስ ተቀጣሪ «ዕቃችሁ ተበላሽቷል» ብሎ አፍ መክፈት ያስፈራዋል። እናንተም ዘንድ አለ አይደል?

ሕጉ ግን ዝም በሉ አይልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት መሆኑን ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው ሥራው አደጋ እንዳያደርስ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድደዋል። የሚቀጥለው አንቀጽ 93 የሠራተኛው ነው። በምትሠሩባቸው መሣሪያዎች ላይ ጉድለት ስታዩ ለአሠሪው ወዲያውኑ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው ይላል። ልብ በሉ! መናገር ድፍረት ሳይሆን ግዴታ ነው። ለአሠሪዎችም ልንገራችሁ። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ የሚሆንበት ሕግ ነው ያለን።

አነጋገሩ ደግሞ ብልሃት ይፈልጋል። በደንበኛ ፊት አትናገሩ። «ይሄ ዕቃችሁ» ሳይሆን «ዕቃችን» በሉ። «እትዬ፣ ካስኩ ይነዝራል፤ አንድ ደንበኛ ቢይዝ ቤታችን ስሙ ይጠፋል፤ ባለሙያ ይየው» ብትሉ ማን ይቆጣል? በትልልቅ መሥሪያ ቤት ከሆነ በጽሑፍ አድርጉትና አንድ ቅጂ ያዙ። ዕቃው እስኪታይ ድረስ ነቅላችሁ «አትሰኩ» የሚል ወረቀት ለጥፉበት።

የጸጉር ቤቷ ባለቤት ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔም እኮ ይነዝረኝ ነበር! ዝም ያልኩት እናንተ ፈርታችሁ ሥራ እንዳትተዉ ብዬ ነው!» ይገርማችኋል፤ ሠራተኛዋ አሠሪዋን ፈርታ፣ አሠሪዋ ሠራተኛዋን ፈርተው፣ መካከል ላይ ደንበኛ ተቀምጣ…

ሳይቃጠል በቅጠል

ለባለ ሱቆች፣ ለባለ ጸጉር ቤቶችና ለቢሮ ኃላፊዎች ጥቂት ምክር ላክል። አንድ ተራ ደብተር ግዙ። ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፉ፤ መቼ እንደታየ፣ ማን እንዳየው፣ አለፈ ወይስ ወደቀ። የወደቀውን ጥግ ላይ አታስቀምጡት። ማታ ብርድ ሲጠና ጥበቃው ያወጣና ይሰካዋል። የማይጠገን ከሆነ ስፒናውን ቆርጣችሁ ጣሉት።

ዲቫይደር ላይ ሒሳብ ሥሩ። ባለ 10 አምፒር ዲቫይደር በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። የ2,000 ዋት ሂተርና የ1,800 ዋት ማንቆርቆሪያ አንድ ላይ ከሰካችሁበት 3,800 ዋት ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚሸተው ቡና አይደለም! ሂተር ብቻውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ እርጥብ ጋቢም አይሰጣበት።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ካውያውም ሂተሩም ይነቀል። ሌሊት መብራቱ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ካውያው ግን እንደተሰካ ነው።

አቅም ካላችሁ ባለሙያ ጠርታችሁ 30 ሚሊ አምፒር ሲፈስ መብራቱን በቅጽበት የሚያቋርጠውን አርሲዲ የሚባለውን ዕቃ አስገጥሙ። ሰውን ለመጠበቅ የተሠራው እሱ ነው። ያም ሆኖ የተላጠ ገመድ ይዛችሁ አትመኩበት።

ከያዘውስ?

አይበለውና አንድ ሰው ቢያዝ በባዶ እጃችሁ አትንኩት፤ ሁለተኛ ሬሳ ትሆናላችሁ። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉ ወይም ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ አውርዱ። ያ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ አላቅቁት። የወደቀው የምሰሶ ሽቦ ከሆነ ግን አትቅረቡ፤ ራቁና በ905 ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደውሉ። ሰውየው ካልተነፈሰ ደረቱ መሐል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ፤ ሌላ ሰው በ907 ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተትም ውሃም አይጨመርም። ተነስቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ የልብ ምት መዛባት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ከጠረጴዛችሁ ሥር ጎንበስ በሉ። ያቺን ሁሉም በጨርቅ የሚይዛትን ማንቆርቆሪያ ንቀሏት። ከእንግዲህ አንድ ሰው «ነዘረኝ» ሲል የሚስቅ አይኑር፤ የሚነቅል ይኑር።

ቸር ሰንብቱ!